በመዝገብ የገባ ድንጋይ

ሰው ልጁን ሲያሳድግ አንድ ነገር ማብዛቱ አይቀርም። እኔ ያበዛሁት እውነትን ነው። እውነት ጨው ቢሆን ኖሮ የእኔ ቤት ወጥ አይቀመስም ነበር። በዚህ የተነሳ አንድ ሐሙስ ቀን ከሁለት ሽማግሌዎችና ከአንድ ድንጋይ ጋር ለሚ የፋብሪካዎች መንደር በር ላይ ቆሜ ተገኘሁ። እንዴት እንደ ደረስኩ ልንገራችሁ፤ ልጆች ያላችሁ ትማሩበታላችሁ፣ የሌላችሁ ትስቁበታላችሁ።

ሲኤምሲ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ከወሎ የመጣሁት ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማሩኝ ጋራዥ፣ ሬዲዮና አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ናቸው። መዝገበ ቃላቱን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስገዛው ግማሹ የለም፤ “ኤም” የሚለው ፊደል ላይ ተገንጥሎ ያልቃል። በየሳምንቱ አንድ ገጽ በቃሌ እየያዝኩ እዚያ ደርሻለሁ። እስከ “ኤም” ድረስ የሚወዳደረኝ ካለ ይምጣ። ከዚያ ወዲያ ግን ጨለማ ነው። “ሶሪ” የሚለው ቃል ከጨለማው ወገን ስለሆነ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ባለቤቴ፣ “በአማርኛስ መቼ ጠይቀህ ታውቃለህ?” ትላለች። ይህን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩትም።

የመጀመሪያ ልጄ ረውዳ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን የነገረችኝ ቁርስ ላይ ነበር። ሻዩ ትን አለኝ።

“ምን አልሽ?”

“ቻይንኛ፣ አባ። የውጭ ቋንቋዎች ክፍል ነው።”

“ቋንቋ ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ ይማሩታል? ቋንቋ ከሰው አፍ የሚለቀም ነገር ነው። እኔን ማን አስተማረኝ?”

“እርስዎ ኤም ላይ ነው ያሉት፣ አባ።”

ንግግሯ እውነት ስለነበረ ዋጥኩት። “እሺ፣ ተምረሽ ምን ትሆኛለሽ?”

“አስተርጓሚ፣ መምህር፣ አስጎብኚ፣ ኤምባሲ፣ አየር ማረፊያ…” እንደ ታክሲ ረዳት መዳረሻ ትጠራልኝ ጀመር።

“መሐንዲስ የሚባል ፌርማታ የለም?”

“አልፈነዋል፣ አባ።”

አራት ዓመት ሙሉ ቤታችን የየዕቃው ስም በቻይንኛ በተጻፈበት ወረቀት ተሸፈነ። ማቀዝቀዣው ላይ የቻይና ፊደል፣ መስታወቱ ላይ የቻይና ፊደል፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሳይቀር። አንዲቱን ድምፅ አራት ጊዜ እያነሳችና እየጣለች ስትለማመድ ባለቤቴ ጉሮሮዋን አሟት መስሏት ዝንጅብል አፈላችላት። እኔ ደግሞ የእድር ሰዎች “ልጅህ ምን ትማራለች?” ሲሉኝ “ዩኒቨርሲቲ ናት” ብዬ አልፍ ነበር። አልዋሸሁም። ግን እውነትን በግማሽ መናገርም እንደ እኔ መዝገበ ቃላት ነው፤ የሚያስፈልገው ቃል ሁልጊዜ በጎደለው በኩል ይገኛል።

ከእርሷ ጋር በየቋንቋው ከተመረቁት ሁሉም አልቀናቸውም፤ ይህንንም አልደብቅም። ፈረንሳይኛ የተማረችው ጓደኛዋ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የጠፋ ሻንጣ ታፈላልጋለች። መንገደኞች በፈረንሳይኛ እየሰደቧት ቋንቋው ከትምህርት ቤቱ ይልቅ በደንብ ገብቷታል። ዐረብኛ የተማረው ልጅ የሰው የጋብቻ ወረቀት ሲተረጉም ውሎ ሲተረጉም ያመሻል፤ የራሱን ረስቶታል። ጀርመንኛ የተማረው መገናኛ ጫማ ይሸጣል። ደንበኛ ሲጨቃጨቀው በጀርመንኛ ያጉረመርማል፤ ሰዎቹ ደንግጠው ቶሎ ይገዛሉ አሉ። እንግዲህ እንጀራ በየመልኩ ነው።

ረውዳ ለሚ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ የቆዳ ጓንት በሚሰፋበት፣ በአስተርጓሚነት ተቀጠረች። ለጊዜው በሙከራ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ቼን የሚባል ሰው ነው። ጠዋት ስትወጣ በር ላይ ቆሜ ምክሬን ሰጠኋት፦ “የተነገረሽን ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ!” በየቀኑ እላታለሁ። ባለቤቴ “ልጅቷ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣም ትላታለህ” ትላለች።

አምስተኛው ወር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ረውዳ በምሳ ሰዓት ሱቄ መጣች። ከፍሬን ሸራው መደርደሪያ ሥር ቁጭ አለች።

“ምን ሆነሽ ነው?”

“ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ዕለት በማለዳ ስፌት ላይ ያሉት ሴቶች ማሽኑ እየተበላሸ ሥራው ዘገየ ብለው ለሚስተር ቼን ያመለክታሉ። ሰውየው በዚያ ቀን በሌላ ነገር ተናዶ ኖሮ፣ “ከጓንቱ በፊት አፋችሁን ብትሰፉ ሥራው በጊዜ ያልቅ ነበር” ይላል። የእኔ ልጅ አዳራሹ መሃል ቆማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል ተረጎመችው። ማሽኖቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። ሴቶቹ ግማሽ ቀን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሚስተር ቼንም “እስክጠራሽ ድረስ ቤትሽ ቆዪ” ብሎ ላካት።

“ትንሽ ለስለስ አድርጌ ማለት እችል ነበር፣ አባ። ‘ቶሎ ቶሎ ሥሩ ይላችኋል’ ብል ያልቅ ነበር። አንተ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቆመሃል!”

ረውዳ “አንተ” የምትለኝ በጣም ስትናደድ ብቻ ነው።

ወላሂ፣ እውነቷን ነው። እዚህ ላይ የድሮ ነገር ልጨምር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ወደ ጎረቤታችን ወደ ጋሽ ታደሰ ላክኋት። “የእጣቢ ውሃችሁ ግቢያችን እየገባ ነው፣ ሰው ብትሆኑ ታፍሩ ነበር በያቸው” አልኳት። ሄዳ ተመለሰች። “ምን አልሽ?” ብላት “አባባ ሰላም ይላችኋል አልኩ” አለች። መልሼ ላክኋት፤ ቃል በቃል እንድትናገር። ተናገረች። ጋሽ ታደሰ ሁለት ዓመት አላናገረኝም። በኋላ እድሩ አስታረቀን፤ ዛሬ የእድሩ ሊቀመንበር እርሱ ነው። ያን ቀን ልጅቷ ሳትማር የምታውቀውን ሙያ እኔ በቁጣ አስጣልኳት ማለት ነው። ይህ የገባኝ ፍሬን ሸራው ሥር ተቀምጣ ሳያት ነው።

ስለዚህ የበደለ እንደሚያደርገው አደረግሁ፤ ሽማግሌ ልልክ ተነሳሁ። ጋሽ ታደሰ ነገሩን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። “የእጣቢ ውሃው ለሚ ደረሰ በለኛ!” አለኝ። ግን እሺ አለ። ሦስተኛ የሆነን አቶ ማቴዎስ ነው፤ ከሆሳዕና የመጣ ጡረተኛ መምህር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቀ።

ረውዳ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። “አባ፣ ፋብሪካ እኮ ነው! ሽማግሌ ለጋብቻ ነው፣ ለጠብ ነው። ሚስተር ቼን ምን ያውቃል?”

“ይቅርታ የማያውቅ ሕዝብ የለም።”

“እሺ፣ ማን ሊያስተረጉምላችሁ ነው?”

ሦስታችንም ተያየን። ይህን አላሰብነውም ነበር።

“አንቺ ነሻ” አለ ጋሽ ታደሰ።

“ስለ ራሴ? የራሴን ምልጃ?”

“ታዲያ ካንቺ የተሻለ ማን ያውቀዋል?”

ስልክ አንስታ ሚስተር ቼንን አነጋገረችው። ምን እንዳለችው አልነገረችንም፤ ብቻ “ሐሙስ ጠዋት ኑ ብሏል” አለች፣ ቀብር የተነገራት ይመስል።

ቀጥሎ የድንጋዩ ነገር መጣ። በእኛ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ የተበደለው ድንጋዩን ያወርድለታል። ጋሽ ታደሰ ትልቅ ይሁን አለ፣ አቶ ማቴዎስ “ዕድሜያችንን እናስብ” አለ። በመጨረሻ ሱቄ ደጃፍ ላይ መኪና በክሪክ ሲነሳ ጎማ የማስደግፍበትን ድንጋይ መረጥን። ብዙ መኪና ከመንሸራተት ያዳነ፣ ምግባረ መልካም ድንጋይ ነው። አጥቤ ረውዳ ዩኒቨርሲቲ ትይዘው የነበረው ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰን፣ እኔ ቆቤን አድርጌ፣ በር ላይ ደረስን። አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ “አባቴ፣ ቦርሳውን ይክፈቱት” አለችኝ። ከፈትኩ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ድንጋይ።”

“ለማን?”

“ለሥራ አስኪያጁ።”

እውነት ተናገርኩ። ልጅቷ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ሬዲዮዋን ጨበጠች። “ማክሰኞ ሥራ ቆሞ ዛሬ ድንጋይ?”

አቶ ማቴዎስ ቀረብ ብሎ፣ “ለይቅርታ ነው፣ ልጄ። የሚሸከሙት እንጂ የሚወረውሩት አይደለም” አላት።

ፊቷ በራ። “ውይ! እንደሱ አይሉም? ግን ደንብ አለ፣ አባቶቼ። የገባ ይመዘገባል፣ የተመዘገበ ይወጣል።” ትልቅ መዝገብ ገልጣ ጻፈች፦ የዕቃው ዓይነት፦ ድንጋይ። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ ያገለገለ። አስፈረመችኝ።

ስፈርም ከራሷ በላይ ያለውን ሰሌዳ አየሁ። ከቻይና ፊደሎቹ አንዱ መጸዳጃ ቤታችን በር ላይ አራት ዓመት ያፈጠጠብኝ ነው። “በር!” ብዬ ጮህኩ። ረውዳ ዞር አለች። “አባ፣ ያነባሉ እንዴ?” አለችኝ። በሕይወቴ በአንድ ቃል እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ወደ ቢሮው የሚወስደው መንገድ በስፌት አዳራሹ በኩል ነው። ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ከረውዳ ጋር ሲገቡ ሴቶቹ ማሽናቸውን ትተው ያንሾካሹኩ ጀመር።

“ረውዳን ሊጠይቁ መጡ!”

“ለማን?”

“ለሚስተር ቼን ነዋ! ለዚህ ነው ቤት የላካት!”

“አንዱ እኮ የገዛ አባቷ ነው። ሰው የራሱን ልጅ ሊጠይቅ ይመጣል?”

“ቸኩሎ ይሆናል።”

ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ።

ሚስተር ቼን ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች አቀረበልን። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ ስለዚህ ቆምን። ወንበሮቹን የናቅን መስሎት የቆዳ ወንበሮች አስመጣ። ቆምን። የራሱን፣ የሚሽከረከረውን፣ ገፋልኝ። ቆምን። በመጨረሻ እርሱም ግራ ተጋብቶ ተነሳ፤ ሰባት ባዶ ወንበር መሃል አምስት ሰው ቆመን ተፋጠጥን።

“‘ወገባቸውን ያማቸዋል ወይ?’ ይላል” አለች ረውዳ።

“ሳይታረቅ አንቀመጥም በይው።”

ከዚያ ንግግሬን ጀመርኩ። ከአደም ተነስቼ፣ በኑሕ መርከብ በኩል፣ የምላስን ጥፋትና የትዕግሥትን ዋጋ አንስቼ፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ ደረስኩ። ላቤ እስኪመጣ ተናገርኩ። ረውዳ በሁለት ትንፋሽ ጨረሰችው።

“ጨረስሽ?”

“ጨረስኩ።”

“የኑሕ መርከብስ?”

“አለ።”

“የቱ ጋ?”

“አባ፣ ሥራዬን ልሥራ!”

ተውኳት። ደግሞም እውነቱን ልናገር፤ ስትናገር አይቻት አላውቅም ነበር። ያ ዝንጅብል ያፈላንለት ድምፅ ከአፏ ተስተካክሎ እንደ ወንዝ ይወርዳል፤ ሰውየው ዓይኑን ሳይነቅል ይሰማታል። እኔ እንግሊዝኛ ስናገር ሰው እንደዚያ ሰምቶኝ አያውቅም፤ ኤም ላይ ስደርስ ሁሉም ሰዓቱን ያያል።

ሚስተር ቼን አጭር ነገር ተናገረ። ረውዳ ከንፈሯን ነከሰች።

“ምን አለ?”

“ይቅር፣ አባ።”

“ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።”

“‘አባትሽ ሱቁ ውስጥም እንዲህ የሚያወራ ከሆነ ደንበኛው ዕቃውን ሳይገዛ ያረጃል’ ነው ያለው።”

ጋሽ ታደሰ ከሳቁ ብዛት ከተከለከለው ወንበር አንዱን ተደገፈ። “ይሄ ሰውዬ ከየት ያውቅሃል?” አለኝ። ጆሮዬ ጋለ። ያኔ ስለ እጣቢ ውሃ የላክሁበት ቃል ጋሽ ታደሰ ጆሮ ውስጥ ምን እንደሠራ ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ገባኝ።

ስለዚህ ሌላ ንግግር ጀመርኩ፤ ይህኛው አጭር ነው። “ልጄ አላጠፋችም። ቃል በቃል ተናገሪ ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ደግሞም አራት ዓመት ሙሉ ትምህርቷን ንቄባታለሁ፤ እድር ላይ ስሙን ለመጥራት አፍሬያለሁ። አጥፍቻለሁ። ይቅርታ።”

ረውዳ አልተረጎመችም።

“ምነው?”

“ይሄ ለእሱ ነው ወይስ ለእኔ?”

“ላንቺ ነው።”

“እንግዲያው አይተረጎምም።”

ሚስተር ቼን ምን እንዳልኩ ጠየቀ። አንዲት ቃል መለሰችለት፤ እርሱም ራሱን ነቅንቆ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረልን። ከዘጠኝ ዓመቷ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀረች፤ እኔም አልተቆጣሁም።

ከዚያ ሰውየው ረጅም ነገር ተናገረ፣ እርሷም እንዲህ ተረጎመችው፦ “ከእሷ በፊት የነበረው አስተርጓሚ ቋንቋውን ከመንገድ የለቀመ ነበር። ሠራተኞቹ ምን አሉ ስለው ሁልጊዜ ‘ይወዱሃል’ ይለኛል። አንድ ቀን የሚወዱኝ ሰዎች ግማሾቹ ጥለውኝ ሄዱ። እሷ እውነቱን ትነግረኛለች። ቤት የላክኋት ያልኩት ነገር አሳፍሮኝ ነው። ሁለት ቀን በእጅ ምልክት አወራሁ፤ መርፌ አምጡ ስል ሐኪም ጠሩልኝ። እንድትመለስ እፈልጋለሁ። ግን ሴቶቹ ካልታረቁኝ ከበላዬ ያሉት ‘ነገሩን ያመጣችው አስተርጓሚዋ ናት’ ብለው ያሰናብቷታል።”

“ከመንገድ የለቀመ” የሚለውን ስትል አየት አደረገችኝ። ጣሪያውን አየሁ።

ሚስተር ቼን ወደ ቦርሳው ጠቆመ። ድንጋዩን አወጣሁ፤ አቶ ማቴዎስ ወጉን አስረዳ፣ ረውዳ አስተላለፈች። ሰውየው ድንጋዩን ዞሮ ዞሮ አየው።

“‘የሚሸከመው ማነው?’ ይላል።”

“የበደለው” አለ አቶ ማቴዎስ።

ሚስተር ቼን መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ድንጋዩን አነሳ። ጋሽ ታደሰ ማጅራቱ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ አሳየው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ አዳራሹ ወጣ፣ እኛ ተከተልን። ማክሰኞ ዕለት እንደሆነው ማሽኖቹ ቀጥ አሉ። ሰውየው ከሰፊዎቹ ሁሉ በዕድሜ ከሚበልጡት ከወይዘሮ አበራሽ ፊት ቆሞ ተናገረ።

ወይዘሮ አበራሽ ወደ ረውዳ ዞሩ። “ያለውን ንገሪኝ። እንዳታለሳልሺ።”

ረውዳ ድምጿን ከፍ አደረገች፣ ማክሰኞ ያደረገችውን ያህል። “‘አፋችሁን ስፉ ያልኩት እኔ ነኝ። መሰፋት የነበረበት የእኔው ነው። ማሽኖቹን አሠራለሁ። ይቅር በሉኝ’ ይላል።”

ሴትዮዋ ድንጋዩንም ሰውየውንም ከላይ እስከ ታች አዩ። የእኔ ልጅ እንጀራ በዓይናቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ሰደዱ። “አውርድ፣ ልጄ፣ አውርድ። ወገብህ ይቀጫል” ብለው ድንጋዩን ተቀበሉት። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ያኔ ወንበር ተገኘና ተቀመጥን። እኔ ዱዓ አደረግሁ፣ ጋሽ ታደሰ መረቀ፣ አቶ ማቴዎስ ጸለየ። ረውዳ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ተረጎመችው፤ የቱ ጋ ብዬ አልጠየቅኋትም።

በሩ ላይ ስንደርስ የጥበቃዋ ልጅ መዝገቧን ገለጠች። “ድንጋዩስ?”

ሚስተር ቼን አልመለሰልንም ነበር። ከወይዘሮ አበራሽ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

“አባቴ፣ ከዚያ ጥግ አንድ ያንሱና ይውጡ። ድንጋይ ድንጋይ ነው።”

“የገባው ያ አይደለም” አልኳት።

ጋሽ ታደሰ “ያ ረቢ በል!” አለ፣ በእኔው ቋንቋ። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን፤ በዚህ ጊዜስ ወንበር የሚያቀርብልንም አልነበረም። በመጨረሻ ረውዳ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እየሮጠች ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛ መጣች። ላዩ ላይ በቻይንኛ፣ ታች በአማርኛ ተጽፏል። የጥበቃዋ ልጅ ጮክ ብላ አነበበችው፦

“ድንጋዩ አይወጣም። ተቀጥሯል።”

ወረቀቱን ተቀብዬ ላይና ታች አየሁት። “ይሄን እሱ ነው ያለው ወይስ አንቺ ጨመርሽበት?”

ረውዳ እየሳቀች ወደ ውስጥ ተመለሰች። “ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ አባ!”